ቀፎ የተሰቀለበት ዋንዛ

ባለቤቴ ከማረፉ በፊት፣ እዚህ መቲ ከተማ ከቤታችን ጀርባ ያለውን ጫካ የዲስክ መጫወቻ አድርጎት ነበር። ጨዋታው በዛፎቹ መካከል ዲስክ ወርውሮ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት ውስጥ ማስገባት ነው። የመጫወቻውን መንገድ እንደ ቤቱ ደጃፍ ነበር የሚይዘው። ገጀራ ሳይዝ ለጨዋታ ወጥቶ አያውቅም፤ በውርወራ መካከል ጎንበስ ብሎ ሣር ይቆርጥ ነበር።

ከአንዱ ቅርጫት ፊት ለፊት ግን ትልቅ ዋንዛ ቆሟል። የእኔ ዲስክ ሁልጊዜ እሱን ይመታል።

«ይኼን ዛፍ ቁረጥልኝ» ስለው፣ «የጎረቤታችን ቀፎ ተሰቅሎበታል፤ ቀፎ ያለበት ዛፍ የባለቀፎው ነው» ይለኛል። ቀጥሎም ሳቁን እየዋጠ፣ «ደግሞ ዛፉ ከቦታው አልተነሳም፤ አንቺ ነሽ የሄድሽበት» ይላል። በዚህ ስንት ጊዜ ተኳርፈናል።

አሁን ሣሩ ቅርጫቶቹን ሸፍኗቸዋል። ለማጨድ የመጣ ሰው አላየሁም። ባለፈው ሳምንት ግን አብረውት ይጫወቱ የነበሩ ጎልማሶች መጋዝ ይዘው መጡ።

«እትዬ፣ ጋሼ በሕይወት እያሉ አልደፈርንም። ዋንዛውን እንጣለው?»

«ባለቀፎውን ጠይቃችኋል?»

«ቀፎውማ ንብ የለውም፤ ባዶ ነው።»

«ባዶም ቢሆን ባለቤት አለው» ብዬ መለስኳቸው።

ከሄዱ በኋላ ንዴቴ አልበርድ አለኝ። የተናደድኩት በእነሱ ብቻ አይደለም፤ በእሱም ነው። ያን ዛፍ ዛሬም አልወደውም። ክርክራችንን ሳንጨርስ ሄዶ፣ የእሱን ወገን ይዤ እንድሟገት አደረገኝ። የእኔን ወገን ይዤስ ከማን ጋር ልሟገት?