ደረቴ ሲቃጠል የጠጣሁት ናና

መጀመሪያ የተሰማኝ ከደረቴ አጥንት ኋላ ነው። ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በምሠራበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ዕቃ ሳጥብ አቃጠለኝ። ቀና ስል ለቀቀኝ። ደግሜ ጎንበስ ስል መጣ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። አባቴ በዚሁ ዕድሜው ደረቱን ይዞ ነው የሞተ። ታዲያ ምን ላስብ? ልብ ነው አልሁ። ልጄ ገና ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ደብተሯን ስታሳየኝ ፊደሉ አይታየኝም፣ «ማን ያሳድጋታል?» እያልሁ ነው የማይ።

አብራኝ የምትኖረው እናቴ ግን «ጨጓራሽ ነው፣ ምን ያስደነግጥሻል!» አለችኝ። እሷ ከአገሯ ከማክሰኝት ስትመጣ ልብሷን ረስታ የናና ሥር ከነአፈሩ ይዛ የመጣች ሴት ናት። ጓሯችን ውስጥ ሦስት ዓይነት አለ። ሰፋ ያለ ቅጠል ያለው ለሻይና ለተነፋ ሆድ ነው። ከጣና ዳር ነቅላ ያመጣችው ፀጉራሙ፣ ጉንፋን ሲይዘን ታሽቶ ይሸተታል። ግንዱ ጠቆር ያለው፣ አፍ የሚያቀዘቅዘው ፔፐርሚንት ደግሞ ኃይለኛው ነው። «ዳማከሴስ?» ስላት «እሱ የምች ነው፣ አታምታቺ» ትለኛለች።

ኃይለኛውን አፈላችልኝ። ጠጣሁ። ቀዘቀዘኝ። ጋደም አልሁ። ባሰብኝ። ሲብስብኝ ጨመረችልኝ።

ግራ ገባኝ። ስጠጣው ይቀለኛል፣ ስተኛ ያቃጥለኛል። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ፦ አንዷ ቃር ነው ትላለች፣ አንዷ ምች፣ አንዷ ጠበል ሂጂ። ሁሉንም አመንሁ፤ አንዱንም አላመንሁም።

በስምንተኛው ቀን ሕመሙ ወደ ግራ ትከሻዬ ሄደ። ያን ጊዜ ፈራሁ። እናቴን አስከትዬ ሆስፒታል ሄድሁ። በሽቦ የሚያያዘውን የልብ ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ ተነሣሁ፣ ደም ሰጠሁ።

«ልብሽ ደህና ነው» አለችኝ ሐኪሟ።

መደሰት ሲገባኝ ተናደድሁ። ታዲያ ምንድን ነው የሚያቃጥለኝ? ኢንዶስኮፒ ታዘዘልኝ፤ ካሜራ ያለበትን ቱቦ ዋጥሁ፤ እንባዬ ፈሰሰ። ሐኪሟ ውጤቱን አይታ፦

«አሲዱ ወደ ላይ እየተመለሰ የምግብ ቧንቧሽን አቁስሎታል። ሪፍለክስ ይባላል። ከመተኛትሽ በፊት ምን ትጠጫለሽ?»

«ናና!» አልሁ ኮራ ብዬ።

«ተይው! ለተነፋ ሆድ ደግ ነው፤ የጨጓራሽን የላይኛውን በር ግን ያላላዋል፤ ስትተኚ አሲዱ በዚያ ይወጣል።»

እናቴ ትቆጣለች ብዬ ዞር አልሁ። አልተቆጣችም።

«ዶክተር፣ ልብ አለመሆኑን የለየው ያ በሽቦ የሚያያዘው ነው?»

«አዎ እማማ፣ እሱና የደም ምርመራው።»

«ሽቦው ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አምስት ደቂቃ።»

«አምስት ደቂቃ!» አለች እናቴ። ቁጭ አለች። «አባቷን ጨጓራህ ነው እያልሁ ሦስት ቀን ናና አጠጣሁት።»

ይህን አላውቅም ነበር። እጇን ያዝሁ።

«ያኔ ማሽኑስ የት ነበር፣ እማማ?» አለቻት ሐኪሟ ቀስ ብላ።

ከዚያ በኋላ ያዘዘችልኝን የአሲድ መቀነሻ ክኒን፣ ኦሜፕራዞሉን፣ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ በጾም ቀን ደግሞ ከመብላቴ ግማሽ ሰዓት አስቀድሜ እየዋጥሁ፣ የአልጋዬን ራስጌ በጣውላ ከፍ አድርጌ፣ ራት በልቼ ሦስት ሰዓት ያህል ሳልተኛ እየቆየሁ፣ ቀስ በቀስ ዳንሁ። ቀስ በቀስ ያልሁት በምክንያት ነው፤ ደህና ሰንብቼ አንድ ቀን ቃጠሎው ብቅ ሲል ያው ፍርሃት ይመለስና እንደገና ግራ ይገባኛል።

ሐኪሟን እግዜር ይስጥልኝ። እናንተም ደረታችሁን ካመማችሁ ልብ ይሁን ጨጓራ እኔም እናቴም በስሜት አልለየንም፣ እናንተም አትለዩትም። አስቀድማችሁ ሐኪም ቤት ታዩ፤ ቅጠሉ የትም አይሄድም።

ሰሞኑን ጎረቤታችን ሽማግሌ «ደረቴን ጨመደደኝ፣ እስቲ ትንሽ ናና ቁረጭልኝ» ብለው መጡ። እናቴ ወደ ጓሮ አልሄደችም። ነጠላዋን አጣፋች፣ ባጃጅ አስቆመች፣ ክንዳቸውን ይዛ አብራቸው ገባች።