የዶሮዎቹ ገል

ተኩሱ ከተጀመረ ወዲህ፣ በሰው አገር ሳጃና በሚባል ሰፈር ካለችው ክፍሌ ወጥቼ አላውቅም። ዛሬ ዚሩን፣ የሸክላ የውሃ ጋኔን፣ ሳዘነብል የእርጥብ ሸክላው ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና ወደ እናቴ ደጅ ወሰደኝ።

ልጅ ነበርኩ። የሥጋ ደዌ ያለባት ሴት ደጃችን ቆማ፣ "የኔ ልጅ፣ ስለ ማርያም ውሃ" አለችኝ። ቅላችንን እንዳትነካብን ብዬ ዶሮዎቹ በሚጠጡበት ገል ሰጠኋት። እናቴ ከጓሮ ስትመለስ አየች። አልመታችኝም። ገሉን ተቀብላ ለሴትዮዋ በራሷ ቅል ንጹሕ ውሃ ቀዳችላት፤ የገሉን ውሃ ራሷ ጨለጠችው።

"እማዬ፣ የዶሮ እኮ ነው!"

"ዝም በይ! ጌታን በዶሮ ገል ልታጠጪው ነበር።"

ጌታ የቱ ጋ እንደቆመ ዞር ዞር ብዬ ፈለግኩት። ከሴትዮዋ በቀር ማንም አልነበረም።

አሁን ከግቢው ማዶ ያሉት ጎረቤቴ፣ አልጋ የያዙት አሮጊት ሐጃ፣ "ያ ኡኽቲ፣ ውሃ! እህቴ፣ ውሃ!" እያሉ ይጣራሉ። ዚሩ ውስጥ የቀረው አንድ ኩባያ የጠራ ውሃና ከሥሩ ደለል ነው። ተኩሱ አልቆመም። ኩባያውን በነጠላዬ ከልዬ፣ ግድግዳውን ታክኬ ወጣሁ። ደለሉን ስመለስ እጠጣዋለሁ።