ጋሽ ወልዴ አራተኛ ፎቅ የወጡ ዕለት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። የጎረቤቴን የጋሽ ወልዴን ውለታ ሳስብ ግን ትናንት የሆነ ይመስለኛል።

ዓለም ባንክ አካባቢ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነበር የምኖረው። እናቴ ከወልቂጤ መጥታ አብራኝ እንድትኖር ተስማማን። እግሯ ይከዳታል፤ እዚያ ሳለች ሁለቴ ወድቃለች። ስለዚህ ከመምጣቷ በፊት ሻወር ቤቱ ግድግዳ ላይ የምትይዘው ብረት ልገጥምላት አሰብኩ። ባለሙያ መጥራት እችል ነበር። ግን ለእሷ በገዛ እጄ ልሠራላት ፈለግሁ። ድሪል ከመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ተዋስኩ፤ አሠራሩን ስልኬ ላይ በቪዲዮ አየሁና ቻልኩት ብዬ ተነሳሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሻወር ቤቱን አጥቤ፣ ወለሉ ሳይደርቅ ጀመርኩ። ባዶ እግሬን ነበርኩ። የመጀመሪያውን ቀዳዳ ጨርሼ ሁለተኛውን ገና ስጀምር በሩ በኃይል ተንኳኳ።

ጋሽ ወልዴ ናቸው። ከእኔ ሥር ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ጢማቸውን እየተላጩ ስለነበር ግማሽ ፊታቸው ላይ የሳሙና አረፋ አለ። ድምፁ ረብሿቸው መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቅ ስል አላስጨረሱኝም።

«ልጄ፣ ሻወር ቤቱን ነው የምትበሺው? ብሬከሩን አጥፍተሻል?»

አላጠፋሁም። ጭራሽ ትዝም አላለኝ።

ራሳቸው ገብተው የሻወር ቤቱን ብሬከር አጠፉ። የእሳቸው ቤት ከእኔው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ የቦይለሩ ሽቦ በየት በኩል እንደሚያልፍ ያውቁታል። የድሪሉን ድምፅ ልክ በዚያ በኩል ሲሰሙ ነው ምላጩን ጥለው የወጡት። ሽቦው ያለበትን ግድግዳው ላይ በእርሳስ አሰመሩልኝ። የጀመርኩት ቀዳዳ ከመስመሩ ሁለት ጣት አይርቅም። እርጥቡን ወለልና ባዶ እግሬን ሳይ እዚያው ቁጭ አልኩ።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ብረቱ ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ስለ እናቴ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው አብረን እንሠራዋለን» አሉ። «እናት የምትደገፍበት ነገር መነቃነቅ የለበትም።»

ጫማ እንዳደርግ፣ ወለሉንም እንዳደርቅ አዘዙኝ። መብራት ከሳሎን በኤክስቴንሽን ሳብን። ከመስመሩ ርቀን ሌላ ቦታ መረጥን። የበሳሁት እኔው ነኝ፤ እሳቸው አጠገቤ ቆመው ነበር። ሲያልቅ ብረቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ሙሉ ክብደታቸውን ጣሉበት። ንቅንቅ አላለም።

ልሸኛቸው ወጣሁ። አካሄዳቸውን ልብ ብዬ ያየሁት ያኔ ነው። ቀኝ ጉልበታቸው በደንብ አይታጠፍም። ግድግዳውን ተደግፈው፣ በጎን በኩል፣ አንድ አንድ ደረጃ ነው የሚወርዱት። ሲመጡ እንዴት አድርገው እንደሮጡ ብጠይቃቸው «እኔም አላውቅም» ብለው ሳቁ።

እናቴ እኔ ጋ ከመጣች ወዲህ አንዴም አልወደቀችም። እኔም ዛሬ ድረስ የድሪል ድምፅ ስሰማ ድንግጥ እላለሁ። አባቴ በሕይወት ቢኖር ከዚህ የበለጠ ያደርግልኝ ነበር ብዬ አላስብም። ጋሽ ወልዴን ደረጃ ላይ ካገኘኋቸው፣ ሥራ ረፍዶብኝም ቢሆን፣ እጃቸውን ይዤ እስከ በራቸው ሳላደርስ አላልፍም።