የሐጂ ከድር እሳትና የቀለሙ ገደብ

ትናንት የልጅ ልጄ ሃና ጉብሬ ካለው ዩኒቨርሲቲዋ ላፕቶፗን ታቅፋ ወልቂጤ ቤቴ መጣች። በሙቀት ካሜራ ያነሳችውን የእርሻ ምስል አሳየችኝ፤ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆኖ ጥጉ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። "አባባ፣ ምንም አይለይም እኮ! ስንቴ ተመላልሼ አነሳሁት!" ብላ ልታለቅስ ደረሰች። ነጥቧ ምን እንደሆነች ስጠይቃት "የሚያመላልሰኝ ባጃጅ ሞተር" አለችኝ። ሳቅሁ፤ በእሷ ሳይሆን በራሴ።

ወጣት ሳለሁ ቡታጅራ አንድ የእርሻ ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። አንዲት ኮምፒውተር ነበረችን፤ የሚነካትም እኔና ባልደረባዬ ሰሚራ ብቻ። አንድ ነሐሴ፣ መስቃን ውስጥ የሐጂ ከድር በርበሬ ይጠወልግ ጀመር። ውሃ ከአፈሩ ስር ተኝቶ ሥሩን እያበሰበሰው ነው፤ የት እንደተኛ ግን ከላይ አይታወቅም። ቦይ ቶሎ ካልተቆፈረ የዓመቱ በርበሬ መሄዱ ነው።

እኔም ደረቴን ነፋሁ። "ሐጂ፣ የአፈሩን ሙቀት ለክቼ በቀለም አሳይዎታለሁ። ውሃ ያለበት ቀዝቃዛው ነው።"

ጭቃ እያቦካሁ፣ ቴርሞሜትር አፈሩ ውስጥ እየሰካሁ እርሻውን በሙሉ ለካሁ። ቢሮ ተመልሼ ቁጥሮቹን ሳስገባላት ኮምፒውተሯ ያወጣችው ሥዕል ግን ወጥ ሰማያዊ ነው፤ ከጠባቂው ማማ ስር ብቻ ቀይ ነጥብ። ለካ ሐጂ እዚያ እሸት በቆሎ ሲጠብሱልኝ ፍሙ አፈሩን አግሎታል! የለካሁትን ቁጥር መጣል ነውር ይመስለኝ ነበርና፣ እኔ ብልሁ፣ እንደገና ልለካ ሄድኩ።

"አሰላሙ አለይኩም ሐጂ። ዛሬ እባክዎ እሳት አይንደድ።"

"ወአለይኩሙ ሰላም። እንዴ! እንግዳ ከእርሻዬ ጾሙን ይመለስ? ቁጭ በል!"

"እሳቱ ሥዕሌን አበላሸብኝ እኮ!"

"ሥዕልህ አይብላ፤ አንተ ብላ።"

በላሁ። ምን ላድርግ፣ ወተቱ ገና ያልደረቀ እሸት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሐጂ በኩራት "ላንተ ስል ቦታ ቀየርኩ" አሉኝ። እውነትም ቀይዋ ነጥብ ወደ ሌላኛው ጥግ ተዛወረች። በርበሬው በየቀኑ ይሞታል፣ እኔ እወፍራለሁ።

ኮምፒውተሯን ልመታት እጄን ሳነሳ ሰሚራ ያዘችኝ። "እሷ ቀለሙን የምታከፋፍለው ከትንሹ ቁጥር እስከ ትልቁ ነው። ትልቁ እሳት ከሆነ መሬቱ ሁሉ ለእሷ አንድ ነው። የታችና የላይ ገደቡን አንተ ስጣት። ከዚያ ያለፈው ቀይ ሆኖ ይቅር!"

ሁለት ቁጥር ጻፈች። ሥዕሉ ደረቁ መሬት ቀይ፣ ሌላው ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ተከፈተ፤ እርሻው ዳር ባለው እንሰት በኩል ረዥም ሰማያዊ መቀነት ተጋደመ።

"ይህን ያህል ጭቃ ስታቦካ ከርመህ ሁለት ቁጥር መጻፍ አቃተህ?"

"በቆሎው ጣፍጦኝ ነው" አልኳት።

ቦዩ በዚያው ቀን ተቆፈረ። የጠወለገው አልዳነም፤ የቀረው ግን ተረፈ። ሐጂ ሥዕሉን አገላብጠው አይተው "እሳቴስ?" አሉ። ነጥቧን አሳየኋቸው። "ከደረቁ መሬት ጋር እኩል አደረግከው? ያን ሁሉ እንጨት አንድጄ!"

ይህን ስነግራት ሃና ገደቡን ከመሬቱ ሙቀት ወስዳ ጻፈች፤ የባጃጁን ሙቀት ተወችው። እርሻው ፊቷ ላይ ተዘረጋ። ደስ ከመሰኘት ይልቅ ተናደደች፤ የተመላለሰችበት መንገድ ቆጫት። ደግነቱ እኔ በቆሎ በልቻለሁ፤ እሷን ባለባጃጁ አስከፍሏታል።

እኔም የዚያኑ ቀን ጠዋት ጉልበቴን አሞኝ ቤቱን በሙሉ ስነጫነጭበት ነበር። አንድ ቦታ ሲግል ሌላውን ሁሉ አለማየት የኮምፒውተር ብቻ ጠባይ አይደለም አልኳት።

"የአንተን ገደብ ደግሞ ማን ያስተካክለው አባባ?" አለችኝ።

"እሸት ገብቷል" አልኳት። "ከሰል አቀጣጥዪ።"