በየጠዋቱ ቀኑን የሚጠይቅ ኮምፒውተር

ሶማሌ ተራ ውስጥ፣ የከባድ መኪና መለዋወጫ ከሚሸጡት ሱቆች በአንዱ፣ ከእኔ የሥራ ልምድ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ኮምፒውተር ነበር። ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። መርካቶ ውስጥ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በልብስ ሰፊና በሞባይል ጠጋኝ መሃል የተሸጎጠች ክፍል አለችኝ። ብዙ ጉድ አይቻለሁ። በረሮ የተራባበት ኮምፒውተር ከፍቻለሁ፤ «ቫይረስ ገብቶበታል» ተብሎ ፀበል የተረጨ ላፕቶፕ ተቀብያለሁ። እንዲህ ያለውን ግን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ተማሪ እያለሁ ነበር።

ስክሪኑ ጥቁር ነው። ጥቁሩ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሥዕል የለ፣ ማውዝ የለ፣ የሚጫኑት ነገር የለ። ዶስ ነው። ለወጣቱ አንባቢ ልንገረው፦ እነዚህ ባለ መስኮት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ሳይመጡ የዓለም ቢሮ ሁሉ የሚተዳደረው በዚህ ነበር። ባንኩም፣ ሚኒስቴሩም፣ አስመጪና ላኪውም እፊቱ ተቀምጠው ትዕዛዛቸውን በፊደል ይጽፉለት ነበር። አንዲት ነጥብ ከተሳሳትክ «መጥፎ ትዕዛዝ» ብሎ ያሳፍርሃል። በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል፤ ሲያትም አትጽፍም፣ ስትጽፍ አያትምም። መርካቶ ውስጥ ሁለት ሥራ በአንዴ የማይሠራ ፍጡር እሱን ብቻ ነው የማውቀው። ለፋይል ስም የሚፈቅደው ስምንት ፊደል ነው። «ፍሬን ሸራ» በላቲን ሲጻፍ ዘጠኝ ስለሚሆን የመጨረሻዋ ፊደል ታክሲ እንደሞላባት ተሳፋሪ ውጭ ትቀራለች።

እኔ ራሴ የተማርኩት በሱ ነው። ማሰልጠኛው ውስጥ ለአራት ሰው አንድ ማሽን ነበር፤ ሁለቱ ይቀመጣሉ፣ ሁለቱ ከኋላ ቆመው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ቁመቴ አጭር ስለሆነ ትምህርቱን የጨረስኩት በሰው ትከሻ መሃል እያጮለቅሁ ነው። ሰርተፍኬቱ ግን የራሴ ነው። ከዚያ ወዲህ ዶስን የምጠላው፣ ሰው አልፎለት ከወጣ በኋላ የድሮ ሰፈሩን እንደሚጠላው ነው። ስሙ ሲነሳ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነኝ።

የሱቁን ባለቤት ሰው ሁሉ ሐጂ እያለ ነው የሚጠራቸው። ከወልቂጤ ወዲያ ካለ መንደር በልጅነታቸው መጥተው መጀመሪያ ጆንያ፣ ቀጥሎ አሮጌ ጎማ፣ በመጨረሻ መለዋወጫ ነገዱ። ኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራው ልጃቸው ናት፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆናት፣ ስትቀልድም ስትቆጣም ፊቷ የማይለወጥ ሴት። ገና በሩን ሳልፍ «ኢንጅነር» አለችኝ። ማዕረጉን ወደድኩት። እየተላገደችብኝ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የጠሩኝ ሱቁ ሊፈርስ ስለሆነ ነበር። የሱቆቹ መደዳ በወሩ መጨረሻ እንዲለቀቅ ተነግሯል፤ ዕቃው በኮንቴይነር ተጭኖ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። በሐጂ መደርደሪያ ላይ ካለው ዕቃ ግማሹን የሠራው ፋብሪካ ራሱ ከረሳው ቆይቷል። ካርቶኑ ተቀዷል፣ ጽሑፉ ደብዝዟል፤ የቀረው በጠመኔ የተጻፈ ቁጥር ነው። የትኛው ቁጥር ኩሺኔታ፣ የትኛው የካምቢዮ ጥርስ እንደሆነ፣ ለየትኛው ዓይነት አሮጌ መኪና እንደሚገጥም ተመዝግቦ ያለው እዚያ ጥቁር ስክሪን ውስጥ ብቻ ነው። የእኔ ሥራ ዝርዝሩን አውጥቼ አዲስ ላፕቶፕ ላይ መጫን ነበር።

«ዝርዝሩ ከጠፋ ነጋዴ አይደለሁም ልጄ» አሉኝ ሐጂ። «ለቁራሌው የሚመዘን ብረት ብቻ ነው የሚቀረኝ።»

«ሐጂ፣ እርስዎ አያስቡ። የሁለት ቀን ሥራ ናት» አልኳቸው።

ልጅቱ ማሽኑን አስነሳችው። አንጎራጎረ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ጠየቀ፦ ቀኑ ስንት ነው? ይህ የዶስ የዱሮ ጠባዩ ነው። ካላስቆሙት በቀር በተነሳ ቁጥር ከእንቅልፋቸው እንደነቁ ሽማግሌ ዕለቱን ይጠይቃል። እሷም ሳታመነታ ሦስተኛ ወር፣ አሥራ ሁለተኛ ቀን፣ 2017 ብላ መለሰችለት። ኅዳር አሥራ ሁለት ነበር። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

«በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የምትሞዪለት?»

«የት አገር ነው ያለነው?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈላቸው አንድ የሂሳብ አስተማሪ ነበር፤ አሁን በሕይወት የለም። ኮምፒውተሩ ከተገዛ ጀምሮ ቀኑን የሚሰጡት በእኛው ነው። ለዶስ ዓለም የተፈጠረችው በ1980 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለ ዓመት ቢነግሩት አይቀበልም። ማሽኑ የተገዛው በእኛ ሰማንያዎቹ ስለሆነ ለጥቂት ተርፈዋል። ሁለተኛው ወር ለሱ ፌብሩዋሪ ነውና ጥቅምት ሠላሳን አያውቅም፤ በአብዛኛው ዓመት ሃያ ዘጠኝንም። እነዚያን ቀናት በሃያ ስምንት ያልፏቸዋል። ዓለም ሁለት ሺህ ሲገባ ኮምፒውተር ሁሉ ያብዳል ተብሎ ፈረንጅ እንቅልፍ ሲያጣ፣ በዚህ ሱቅ ዓመቱ ገና 1992 ነበርና ማንም ከቁብ አልቆጠረው።

ትልቁ ጣጣ ጳጉሜን ናት። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲሰጡት ዶስ «የተሳሳተ ቀን» ይላል። ደግመው ቢሰጡትም ያንኑ ይላል። እነሱም መፍትሔ አበጅተዋል፦ ጳጉሜን በሙሉ ማሽኑን ነሐሴ ሠላሳ ላይ ያቆሙትና ምንም አይመዘግቡም። ዝርዝሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚያ ጥርሱን በሚያፋጭ ማተሚያ፣ ዳር ዳሩ በተበሳ ተጣጣፊ ወረቀት ላይ ያትሙታል። ከዚያ የሱቁን በር ገርበብ አድርገው፣ መሰላል አቁመው፣ መደርደሪያውን አንድ በአንድ ሲቆጥሩ ይሰነብታሉ፤ የቆጠሩትን መስከረም ሲጠባ ያስገቡለታል። ኮምፒውተር አገሩን እንዲያውቅ ማድረግ ሲያቅታቸው በየዓመቱ ከነቤተሰባቸው አምስት ቀን ቆጠራ ገቡለት ማለት ነው። ይህን ስሰማ በሳቅ እንባዬ መጣ።

የዓመታቱ ወረቀት በሩ አጠገብ ተቆልሏል። የሚታሸጉትን የግንባር መብራቶች አየሁና «ይሄን ቆሻሻ ለምን አትጠቀልሉበትም?» አልኩ። ጫኞቹ ምክሬን ወዲያው ተቀብለው የአንዱን ዓመት መቅደድ ጀመሩ። ልጅቱ ተነሳች፤ ከቁልሉ ላይ የላይኛውን፣ ያለፈውን ጳጉሜን፣ አንስታ ወንበሯ ሥር አስገባችው።

«ቆሻሻ ማጠራቀም ትወጃለሽ» አልኳት።

አሁን የማፍርበት ክፍል ላይ ደርሻለሁ። ለደንበኛ ሁሉ የምሰብከው አንድ ሕግ አለ፦ ምንም ከመንካትህ በፊት ቅጂ ውሰድ። ይህ ማሽን ፍላሽ መሰኪያ የለውም። ዲስኩን ፈትቼ ሱቄ ወስጄ ነበር መቅዳት ያለብኝ። ግን የተሳሳተው ቀን ዓይኔን ወጋኝ። እንዲህ ያለ ነገር እያየሁ ማለፍ አልችልም፤ የሞያ ኩራት ነው አልኩ፤ ጉራ መሆኑን የማውቀው አሁን ነው። የሰዓቱን የሞተ ባትሪ ቀየርኩለት። ከዚያ ዳግመኛ ቀኑን እንዳይጠይቅ አደረግሁት።

«ጥያቄውን ከማጥፋትህ በፊት አባን ብትጠይቅ?» አለች ልጅቱ።

«ቀን ለማስተካከል ሰው አይጠየቅም» አልኳት።

ትክክለኛውን ቀን፣ ማለትም የፈረንጁን፣ ኖቬምበር 2024 አስገብቼ ፕሮግራሙን ከፈትኩ። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ብቅ አለ፦ «አሮጌ ዕቃ እየጸዳ ነው፤ እባክዎ ይጠብቁ።» እኔም በጨዋነት እጄን አጣጥፌ ጠበቅሁ። ዲስኩ ተንቆራጠጠ። አራት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጨረሰ፤ የዕቃ ብዛት ዜሮ ይላል።

አስተማሪው ዲስኩ ጠባብ ስለነበር አንድ ብልሃት አስገብቶ ነበር፦ ሰባት ዓመት በሽያጭም በቆጠራም ያልተነካ ዕቃ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። የሚያመዛዝነው ማሽኑ በሚያውቀው ቀን ነው። እኔ ደግሞ በአንድ ጣት ከሰባት ዓመት በላይ አሳለፍኩ። ያን ዕለት ጠዋት የተሸጠው ኩሺኔታ ሳይቀር አርጅቶ ሞተ። አስተማሪው ብዙ ነገር አስቦ ነበር፤ አንድ ባለ ሰርተፍኬት መጥቶ አገሩን በሙሉ ወደ ፊት ይገፋል ብሎ ግን አላሰበም።

«ምነው ኢንጅነር?» አለች ልጅቱ።

ለአፍታ «ሲስተም የለም» ልል ዳድቶኝ ነበር። በየመስኮቱ ስንሰለፍ የሚነግሩን፣ ማንንም ጥፋተኛ የማታደርግ ግሩም ቃል ናት። ያ ሽማግሌ ማሽን ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ሲሠራ አንድም ቀን ሲስተም የለም ብሎ አያውቅም። የጠፋው እኔ የነካሁት ዕለት ነው።

ለሐጂ አልነገርኳቸውም። ዲስኩን ፈትቼ ወደ ሱቄ ሮጥኩ፤ ሁለት ቀን ሙሉ የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ፕሮግራሙ የሰረዘውን ዝም ብሎ አልሰረዘም፤ ፋይሉን አጭቆ በላዩ ላይ ጽፎበታል። በሦስተኛው ቀን ባዶ እጄን ተመለስኩ። ጫኞቹ የመጀመሪያውን ኮንቴይነር እየሞሉ ነበር። ሐጂ ያን ሁሉ ቁጥር የተጻፈበትን ብረት ሲወጣ እየተመለከቱ በር ላይ ቆመዋል።

«ሐጂ፣ ዝርዝሩን አጠፋሁት» አልኳቸው። ሌላ አነጋገር ፈልጌ አላገኘሁም።

አልጮሁብኝም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው ካርቶን ላይ ተቀመጡና ዕቃቸውን አዩ። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ አፍሬ አላውቅም። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«የጳጉሜኑ የት ነው?»

ወንበሯን ገፋ አድርጋ ጎንበስ አለችና አወጣችው። ትራስ የሚያህል ወረቀት ነው። አሥር ደቂቃ ብትዘገይ ኖሮ በእኔ ምክር መብራት ተጠቅልሎበት ነበር። እግሬ ሥር አኖረችውና «ይሄው ቆሻሻው» አለች።

ዘጠኝ ቀን ፈጀብን። እሷ ታነባለች፣ እኔ ላፕቶፑ ላይ እጽፋለሁ። የማተሚያው ቀለም አልቆ በማኅተም ቀለም የታደሰ ስለነበር ግማሹ ገጽ የሚነበበው ወደ ፀሐይ ሲይዙት ብቻ ነው። ፍሬን ሸራ ስንደርስ የመጨረሻዋን ፊደል እኔ እጨምራለሁ፤ ሙሉ ሞያዬ እሷ ሆነች። ከጳጉሜን ወዲህ የወጣውንና የገባውን ልጅቱ አንዳንዱን ከራሷ ሞላችው፤ በቃሏ ያልያዘችውን መሰላል ላይ ወጥቼ ቆጠርኩ። ስለ ክፍያ ማንም ቃል አላነሳም፤ እኔማ በምን አፌ። የመጨረሻው ኮንቴይነር ሲታሸግ የመጨረሻውን ገጽ እየጻፍኩ ነበር።

አዲሱ ቦታ ሰፊ ነው። መደርደሪያው ብረት፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ። አሮጌው ማሽን በፕላስቲክ ተሸፍኖ ጥግ ተቀምጧል። እንዲጥሉት አልመከርኩም፤ ምክር ከመስጠት ጾሜያለሁ። ጳጉሜን አንድ ላይ ማንም ሳይጠራኝ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ መሰላሉ ቆሟል፣ ልጅቱ ወረቀት ይዛለች። ለነገሩ አሁን ቆጠራው አያስፈልግም፤ ላፕቶፑ ሁሉንም ቀን ይቀበላል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ሐጂ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ያንተው ማሽን ዛሬን ስንት ይለዋል?»

«ሴፕቴምበር ስድስት ነው የሚለው ሐጂ።»

«ጳጉሜን አያውቃትም?»

«ጨርሶ አያውቃትም።»

«ያም አያውቃትም ነበር» አሉና ጥግ ያለውን ፕላስቲክ በዓይናቸው አሳዩኝ። «እሱ ግን ይጠይቅ ነበር።»

ልጅቱ መሰላሉ ላይ ስትወጣ እግሩን ደግፌ ያዝኩላት።