ውኃ የጠገበው ቁልቋል

ቁልቋሌን ለሞት ያበቁት የማኅበራችን ሴቶች ናቸው ብል ይከፋቸዋል። ይክፋቸው። ዳሌዬን ኦፕራሲዮን ሆኜ ሆስፒታል በተኛሁበት ጊዜ የቤቴን ቁልፍ የያዘችው የሟቹ ባለቤቴ እህት ነበረች። "ውኃ እንዳታጠጪው" ብዬ አስጠንቅቄያታለሁ። ግን እሷ መቼ ሰምታኝ ታውቃለች?

ቁልቋሉን የገዛሁት ካውንስሉ፣ የሰፈሩ አስተዳደር፣ እዚሁ ለንደን ኤድመንተን ያለውን ፍላት በሰጠኝ ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት ኬንቲሽ ታውን ሰፈር፣ የባሌ እህት ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋ ላይ ነበር የምተኛው። እንግዳ ካመሸ ኩሽና ቆሜ እጠብቃለሁ። የራሴ መስኮት ሲኖረኝ የራሴን ነገር ላቆምበት አማረኝ። ባየችው ጊዜ ሳቀችብኝ።

"ቁልቋል ለአጥር ነው! ሰው እንዴት ሳሎኑ ያስገባዋል?"

"የገባው የኔ ሳሎን ነው" አልኳት።

ከሆስፒታል ስመለስ ቤቱ ተወልውሎ፣ ፍሪጁ በወጥ ተሞልቶ ጠበቀኝ። ይህን አልክድም፤ አመሰግናቸዋለሁ። ቁልቋሉ ግን ከሥሩ ጠቁሯል። ጫን ሳደርገው ጣቴ የበሰለ ድንች ውስጥ እንደሚገባ ሰርጎ ገባ። ማን አጠጣው ብል፣ ሁሉም። ሊወለውል የመጣም፣ ወጥ ሊያስቀምጥ የመጣም ሳያጠጣው አልወጣም። አንዷማ እኔን እንዲምረኝ ብላ ጠበል ጨምራለታለች።

"ታዲያ ተጠምቶ እያየነው ዝም እንበል?" አለች የባሌ እህት።

በዚያ ቤት ከእኔ ሌላ ነፍስ ያለው እሱ ብቻ ነበር። በክራንች ተደግፌ አለቀስኩ። ዳሌዬን ያመመኝ መስሏቸው ትራስ አመጡልኝ።

ከታችኛው ፎቅ የምትኖር የሐረር ልጅ አለች። የልጇን ጋሪ ደረጃው ላይ እያቆመች ተጣልተን፣ ሰላምታ ካቆምን ከርመናል። ጥፋቱ የእሷ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው የምለው። በማግስቱ ግን ሾርባ ይዛ በሬን አንኳኳች። ገና ስትገባ ዓይኗ መስኮቱ ላይ አረፈ።

"ምነው እትዬ፣ ይሄን ማን አሰከረው?"

"ደግ ሰዎች።"

"እሱማ በደግነት ነው የሚሞተው! ቢላ ይስጡኝ።"

ሥጋው ጥርት ያለ አረንጓዴ እስኪሆን የበሰበሰውን እየቆረጠች ጣለች። የተረፈው ቡጢ የሚያህል ጫፍ ነው።

"ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት እስኪያወጣ ጋዜጣ ላይ ይተኛ። ከዚያ አሸዋ በበዛበት አፈር እንተክለዋለን። ሥር እስኪሰድ ጠብታ እንዳይቀምስ። የማኅበር ሰው ሲመጣ ደግሞ ይደብቁት።"

ደበቅሁት። ሴቶቹ ሲመጡ መኝታ ቤት፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አስቀምጬ በሩን እዘጋለሁ። የት ሄደ ሲሉኝ ቡናቸውን እቀዳላቸዋለሁ። የከበደኝስ ሌላ ነው፦ እኔም ራሴ እንግዳን ባዶ አፉን አታስቀምጪ ተብዬ ያደግሁ ነኝ። ደረቁን አፈር ባየሁ ቁጥር እጄ ወደ ቧንቧው ይሄዳል። እጄን ኪሴ ከትቼ ከርሜያለሁ።

ብርዱ ሲለቅ፣ ጫፉን በወፍራም ጓንት ይዤ ቀስ ብዬ ሳብ አደረግሁት። አልመጣም። ከአፈሩ ጋር ተያይዟል። ደረጃው ላይ ወጥቼ ወደ ታች ተጣራሁ።

"ያዘ! ነይ እዪው፣ ያዘ!"

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሮጣ ወጣች። በሕይወቴ ብዙ ሰው አመስግኛለሁ፤ አብዛኛውን በይሉኝታ ነው። የዚያን ቀን ግን የመጀመሪያዋን ማንኪያ ውኃ እሷ እንድታጠጣው ማንኪያውን አቀበልኳት።