ሳልወጣው ያስተማርኩት ተራራ

ጎንደር ከተማ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። በነዚህ ዓመታት የሰሜንን ተራሮች በጠመኔ ስንት ጊዜ እንደወጣኋቸው ቆጥሬ አልዘልቀውም። በእግሬ ግን፣ ይቅር ይበለኝ፣ ከደባርቅ አልፌ አላውቅም ነበር። ደባርቅም የሄድኩት ለለቅሶ ነው።

ውሸቱ የተጀመረው ገና በመጀመሪያው ዓመቴ ነው። አንድ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ እርስዎ ወጥተውታል?» አለኝ። ክፍሉ ሙሉ ልጅ አፉን ከፍቶ ያየኛል፤ ምን ልበል? «እንዴታ!» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ያቺ «እንዴታ» በየዓመቱ እያበጠች ሄደች። መጀመሪያ የወጣሁት አንድ ጫፍ ነበር፤ ቀስ በቀስ በአንድ ቀን ሦስት ጫፍ ሆነ። በኋላ በረዶም ጨመርኩበት፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ። ሰሌዳው ላይ ሦስቱን ጫፎች እንደ መሶብ ክዳን አሹዬ እየሳልኩ፣ «እዚህ ጋ ተንሸራተትኩ» ስል ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። እውነቱን ልናገርና ደስ ይለኝ ነበር።

ችግሩ፣ ልጄም አመነችኝ። ይህንኑ ስትሰማ አድጋ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ሲመጣ፣ «ሽልማቴ አንተ የወጣኸውን ተራራ ካንተ ጋር መውጣት ነው» ብላ ድርቅ አለች። ላፕቶፕ ልግዛልሽ አልኳት። ባሕር ዳር ልውሰድሽ አልኳት። ወይ ፍንክች! በዚህ ዓለም የምለውን ሁሉ የሚያምን አንድ ሰው ቢኖረኝ እሷ ናት፤ በእሷ ዓይን ውሸታም መሆን ከምንም በላይ ያስፈራኝ ነበር። ስለዚህ እውነቱን እንደመናገር አዲስ ጫማ ገዛሁና ሄድን።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ጊች ከሚባለው ሰፈር ተነሣን። ጠመንጃቸውን አንግተው ከዚያ ጀምሮ የሚሸኙን የፓርኩ ጠባቂ የዚያው አገር ሰው ናቸው፤ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ አያ እላቸዋለሁ። ልጄ ገና ሰላም ከማለቷ፣ «አባቴ እኮ ሦስቱንም ጫፍ በበረዶ ወጥቷቸዋል!» አለቻቸው። ሰውየው አዩኝ። ቀጥሎ ጫማዬን አዩት፤ የዋጋው ወረቀት ከጎኑ ላይ ገና አልተላቀቀም።

«ሸጋ ነው» አሉ። «መንገዱን የሚያውቅ መምህር እያለማ እኔ አልቀድምም። ይምሩን።»

«ኧረ አያ፣ እርስዎ ይቅደሙ!»

«ኧረ በሥላሴ!»

«ኧረ ሞቼ ልገኝ!»

እንዲህ ስንባባል ፀሐይዋ ከፍ አለች። በመጨረሻ እኔ ቀደምኩ።

የሰሜን ጫፎች እኔ እንደምስላቸው አይደሉም። በጀርባቸው በኩል ሲሄዱባቸው ሜዳ ይመስላሉ፤ ሣሩ ቀስ እያለ ከፍ ይልና ድንገት ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ ገደል ነው። ይህን አንድ ጊዜ የሄደ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን የሰሌዳዬን ሹል ነገር ስፈልግ በስተግራ አንድ ሹል ቋጥኝ አየሁና፣ «ያውላችሁ!» ብዬ ነጎድኩ። ሰውየው ተከተሉኝ። የተማረን ሰው በልጁ ፊት ማረም ነውር ነው። እሳቸው በይሉኝታ፣ እኔ በኩራት፣ ልጄ በእምነት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወደማይሆን አቅጣጫ ተጓዝን። መሃል ላይ ልጄ፣ «የተንሸራተትክበት የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። አንድ ድንጋይ አሳየኋት። ፎቶ አነሣችው።

ቋጥኙ ሥር ደርሰን ልዞረው እግሬን ሳነሣ፣ ሰውየው ኮቴን ከኋላ ጨበጥ አደረጉና፣ «መምህር፣ ከዚህ ወዲያ ባንሄድ ሸጋ ነው» አሉኝ በትሕትና። ቁልቁል አየሁ። እግዚኦ! ከጫማዬ አፍንጫ ወዲያ መሬት የለም፤ ከታች የሚዞረውን አሞራ የማየው በጀርባው ነው። ሣሩ ላይ ዘጭ አልኩ።

«ምነው አስቀድመው አይነግሩንም?» አለቻቸው ልጄ ተቆጥታ።

«አባትሽ ያውቁታል ብለሽኝ የለ?» አሉ።

ከዚያ በላይ መዋሸት አቃተኝ። «አልወጣሁትም» አልኩ።

«የቱን?» አለች ልጄ።

«አንዱንም። በረዶውንም አላየሁት።»

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ስልኳን አውጥታ የድንጋዩን ፎቶ አጠፋችው። 

እውነተኛው ጫፍ በስተቀኝ ነው፣ ከነበርንበት የአንድ ሰዓት መንገድ። እኔ ከዚያ እንደማልነሣ ስለገባቸው፣ ሰውየው «ከዚህ እንዳይነቃነቁ» ብለውኝ እሷን ይዘው ሄዱ። እኔ ሣሩ ላይ ከተበተኑት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ጋር ቀረሁ። ሣራቸውን እየነጩ ይበላሉ፤ አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም። ስለእነሱም ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ።

ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። የልጄ ፊት በፀሐይ ቀልቷል፣ ዓይኗ ያበራል፤ እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። የረሳችልኝ መስሎኝ፣ «እንዴት ነው? ምን ይመስላል?» አልኳት።

ልትነግረኝ አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው።

«አልነግርህም።»

«ምነው ልጄ?»

«ብነግርህ ሰኞ ክፍል ገብተህ ታወራዋለህ።»